እግሩ የጠፋ መስኮት

ጥር 4

ልጄ፣

ደህና ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። ሌላው ወሬ ወረፋውን ይጠብቅ። ጉልበቴ የሲኒማ ቤቱን የማሽን ክፍል ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል እንጂ እስካሁን አልከዳኝም።

ስለ ስልኩ ደጋግመሽ ጠይቀሻል። አዎ፣ አሁንም ይንጫጫል። የጥገና ሠራተኛ መጥቶ አየውና "ምንም የለውም" ብሎ ሄደ፤ የእነሱን ነገር ታውቂዋለሽ። በሞባይል የምትልኪያቸው አጫጭር መልእክቶች ደግሞ ፊደላቸው ጉንዳን ያህላል። ስለዚህ በደብዳቤ እንቀጥል። ጡሩምባ የምንለው የአውቶቡስ ሾፌር በሳምንት ሁለቴ በደጃችን ያልፋል፤ ደብዳቤ ማድረስ አይከብደውም። ደብዳቤ ደግሞ ከስልክ ይሻላል፤ ሁለቴ ይነበባል።

"ምን ነክቶህ ነው የተማሪነት ዘመን ላፕቶፔን ከሳጥን ያወጣኸው?" ላልሽው ነገሩ እንዲህ ነው። ከሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ያለውን ልብስ ሰፊ ታስታውሺዋለሽ። አሁን መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኗል። ባለፈው ወር ትኬት ቆራጯን አስከትሎ ወደ ማሽን ክፍሌ ወጣ፤ አንቺ በልጅነትሽ "እትዬ ቁራጭ" ያልሻትን፣ ከዚያ ወዲህ አገር ሁሉ በዚሁ የሚጠራትን። ወንድሟ መስማት የማይችል ስለነበረ በእጅ መነጋገር ታውቃለች። እሱ በእጁ አወራ፣ እሷ ነገረችኝ። "ስንት ዓመት ሱቄ በር ላይ ቆሜ ሰው ከዚህ አዳራሽ እየሳቀ ሲወጣ አያለሁ። በምን እንደሳቀ ነግሮኝ የሚያውቅ ግን የለም" ነው ያለው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ባለ አዳራሹ ዘንድ ሄጄ "ተዋናዮቹ የሚሉትን ከምስሉ ግርጌ ልጻፍበትና አንድ እሑድ እናሳያቸው" አልኩት። ሳቀብኝ። "ሲኒማ ቤት ለማንበብ ማን ይመጣል? ማንበብ ላማረው ቤተ መጻሕፍት አለለት!" አለ። አልለቀቅሁትም። በመጨረሻ የመጋቢትን የመጨረሻ እሑድ ሰጠኝ። የአዳራሹ ግማሽ ከሞላ በየወሩ አንድ እሑድ የእነሱ ይሆናል። ካልሞላ ግን የማሽን ክፍሉን ቁልፍ አስረክቤ ቤቴ እገባለሁ፤ አዳራሹን የቁም ሣጥንና የአልጋ መጋዘን ሊያደርገው የሚፈልግ ነጋዴ አግኝቷል።

የመረጥኩት ሁለቱ ጎረቤታሞች የሚጣሉበትን አሮጌ ኮሜዲ ነው። አንቺ በጨቅላነትሽ ማሽኑ ሥር ተኝተሽ እየሰማሽው ያደግሽው። እትዬ ቁራጭ ከሰዓት በኋላ፣ ፊልም በማናሳይበት ጊዜ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ታግዘኛለች።

አሁን ወደ ችግሬ። አንቺ ሊኑክስ የሚሉትን የኮምፒዩተር ሥርዓት የጫንሽበት ላፕቶፕ ላይ ጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ከፊልሙ ቅጂ ጋር የልብስ ሰፊው ልጅ ጫነልኝ። ስከፍተው ምስሉ ይታያል፤ ከሱ ሥር የሰዓት ዝርዝር ይታያል፤ ከዚያ በታች ምንም የለም። መጻፊያው ቦታ የለም፣ ማስቀመጫው ቁልፍ የለም። መስኮት የሚሉት ነገር እግሩ የለም! ሥዕሉን ከደብዳቤው ጀርባ ታገኚዋለሽ። በእኛ ሙያ ፊልም ፍሬም ሲስት የተዋናዩ ጫማ ከላይ፣ ራሱ ከታች ይሆናል፤ ማሽኑ ጎን ያለችውን ቁልፍ ዞር ስታደርጊያት ይስተካከላል። የዚህኛው ቁልፍ የት ነው? ከፍ ሲል የታችኛው ይታይ ይሆናል ብዬ በሁለት የፊልም ቆርቆሮ ላይ አስቀምጬው ነበር። አትሳቂ።

አባትሽ

ጥር 13

አባዬ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ኮምፒዩተሮቹ ተራ በተራ ታመው የጥገና ክፍሌ የክሊኒክ በር መስሎ ነው የሰነበተው። እኔ ደህና ነኝ። አትሳቂ ያልከኝን ግን መጠበቅ አልቻልኩም፤ ቆርቆሮዎቹ ጋ ስደርስ ወንበር ይዤ ነው የሳቅኩት።

መስኮቱ አልተቆረጠም፤ ሙሉ ነው። ያ ላፕቶፕ ስክሪኑ አጭር ነው። እኔ ስገዛው የለካሁት በቦርሳዬ ነበር እንጂ በሥራ አልነበረም። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ደግሞ ትልልቅ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ሁሉም ሰው እንደነሱ ያለው መስሏቸዋል። የመስኮቱ ግርጌ ከጠረጴዛ እንደተረፈ ጨርቅ ከስክሪኑ በታች ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ጠረጴዛውን ከፍ ብታደርገው ጨርቁም አብሮ ከፍ ይላል፤ ቆርቆሮዎቹ ያልረዱህ ለዚህ ነው።

መስኮት ስታንቀሳቅስ ሁልጊዜ አናቱን ይዘህ ነው የምትጎትተው፤ አናቱ ደግሞ የስክሪኑን ጣሪያ ሲነካ ይቆማል። ሊኑክስ ግን አንድ የጓሮ በር አለው። በግራ እጅህ፣ ከኪቦርዱ ታችኛው ረድፍ፣ አልት የተባለውን ቁልፍ ተጫንና አትልቀቀው። በቀኝ እጅህ የመስኮቱን ሆድ፣ የትም ቦታ ላይ፣ በግራው የማውስ ቁልፍ ያዝና ወደ ላይ ግፋ። አናቱ በጣሪያው አልፎ ይወጣል፣ እግሩ ይመጣል። "አናቱ ጠፋ" ብለህ እንዳትደነግጥ፤ በዚያው መንገድ መልሰህ ታወርደዋለህ። የፍሬም ማስተካከያህ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ያንን ፊልም ተዋናዮቹን እየቀደምክ ትለው የነበርከው አንተ አይደለህም? ታዲያ እትዬ ቁራጭ በየቀኑ አጠገብህ የሚቀመጡት ለምንድን ነው? ስልኩንም ለሌላ ሠራተኛ አሳየው። ድምፅህ ናፍቆኛል።

ልጅህ

ጥር 21

ተነሣ! መስኮቱ ተነሣ!

ልጄ፣ ሰላምታው ከኋላ መጣ፤ ይቅር በይኝ። መጀመሪያ አንድ ቀን ሙሉ አሻፈረኝ ብሎኝ ነበር፤ ጥፋቱም ያንቺ ነው። የላፕቶፑ ግራ ቁልፍ ይጫናል እንጂ አይይዝም። ለፈተና ስታጠኚ ሻይ የደፋሽበት ቦታ ነው። እትዬ ቁራጭ ማውስ ልትለምን ወደ ሒሳብ ክፍል ሄደች። "ለምን ፈለጋችሁት?" ብሎ ሒሳብ ሠራተኛው ሲጠይቃት "ፎቅ ላይ አንድ መስኮት አልነሣ ብሎን ነው" አለችው። ሰውየው በቆመበት ቀረ።

አልትን ያዝኩ፣ ሆዱን ያዝኩ፣ ገፋሁ። አናቱ እንደ ወፍ ወጣ። ከታች መጻፊያው ሳጥን፣ ማስቀመጫው ቁልፍ፣ ሁሉም ቤተሰብ ተሰብስቦ ተቀምጧል። እንዴት እንደጮህኩ እንጃ፤ እትዬ ቁራጭ መንገድ ላይ ሰው እንደቆመ ነግራኛለች። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች እዚያው ጻፍኩ፦

"ዶሮህ ግቢዬ ገባች።"
"ዶሮ ድንበር አታውቅም።"
"ባለቤቷስ?"

ምስሉን መልሼ ሳየው የሰውየው አፍ ሲከፈት ቃሉ ከሥሩ ብቅ አለ። ልብስ ሰፊውን ጠርቼ አሳየሁት። በእጁ የሆነ ነገር አለ። እትዬ ቁራጭ "እንደገና ይላል" አለች። እንደገና አሳየሁት። "እንደገና።" ስድስተኛው ላይ ከሱቁ ደንበኛ መጥቶ ባይወስደው ኖሮ እዚያው ያድር ነበር።

አሁን የቀረኝ ጣጣ ይህ ነው። ምስሉን ለማየት መስኮቱን ወደ ታች፣ ለመጻፍ ወደ ላይ፣ ደግሞ ወደ ታች። እንደ ጉድጓድ ባልዲ ስስበው ነው የምውለው። ፊልሙ ደግሞ የሚያወራ ፊልም ነው፤ ጎረቤት ሲጣላ ታውቂያለሽ። በዚህ አካሄድ ለመጋቢት አልደርስም። አንድ ጊዜ ተስተካክሎ የሚቀር ዘዴ የለም?

ስለ እትዬ ቁራጭ የጠየቅሽኝ፣ ሁለት ሰው ከአንድ ይሻላል ብዬ ነው። ስልኩን አሳየዋለሁ።

አባትሽ

የካቲት 3

አባዬ፣

ጡሩምባ ደብዳቤህን ሲሰጠኝ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። "አባትሽ ተቀይመውኛል እንዴ?" አለኝ።

"ለምን ይቀየሙሃል?"

"ባለፈው ሐሙስ ደጃቸው አውቶቡሱን አቁሜ ጡሩምባ ነፋሁ፣ ነፋሁ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አንዷ ተሳፋሪ 'እሳት ተነሣ እንዴ?' ብላ በመስኮት ልትዘል ነበር። እሳቸው በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጫማቸውን ይወለውላሉ። ጆሮ ዳባ ልበስ! መቼም ወርጄ ትከሻቸውን ስነካ በድንጋጤ ዘለሉ፤ ከዚያ እንደ ልጃቸው አቀፉኝ። ቂም የያዘ ሰው ያቅፋል?"

"አልተቀየሙህም" አልኩት።

አባዬ፣ የተበላሸው ስልኩ አይደለም። አይደል?

ስደውልልህ "አይሰማም፣ አይሰማም" ስትለኝ እኔ ደግሞ "አሠራው እንጂ!" እያልኩ ስጮህብህ የነበረውን አስታወስኩና በሥራ ቦታዬ ተቀምጬ አፈርኩ። ይቅርታ አድርግልኝ። ስለ ስልኩም ስለ እትዬ ቁራጭም ጠይቄህ ሁለቱንም ጊዜ ነገር አዞርክብኝ። አሁን ፊት ለፊት ጠይቄሃለሁና ፊት ለፊት መልስልኝ። ሐኪም አይቶሃል? ከመቼ ጀምሮ ነው?

ሥራህ ግን በኔ ጥያቄ እንዳይቆም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተለየ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ሁለት መስመር ጽፌልሃለሁ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈትና የመጀመሪያውን እንዳለ ጻፈው፤ አንድ ነጥብ አታስቀር። ከዚያ ኢንተር የተባለውን ቁልፍ ተጫን። ስክሪኑ አይረዝምም፤ ኮምፒዩተሩ ግን እንደረዘመ ያምናል። ማውሱን ወደ ታች ስትወስድ ምስሉ ሁሉ ራሱ ወደ ላይ ይንሸራተትልሃል፤ ወደ ላይ ስትወስድ ይመለሳል። ባልዲ መሳብ ቀረ። ሁለተኛው መስመር ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ይህንኑ እንዲያስታውስ ነው። ብትሳሳት የሚበላሽ ነገር የለም፤ አጥፍተህ አብራው።

መልስህን እጠብቃለሁ። የሁለቱንም።

ልጅህ

የካቲት 12

ልጄ፣

አዎ። ስልኩ ደህና ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔዎቹም እንደ ባዳ ሳይሰናበቱ ሄዱ። ባለፈው ክረምት ግራው፣ ከመስከረም በኋላ ቀኙ። መጀመሪያ የጠፋብኝ የማሽኑ ድምፅ ነው። ፊልም መሃል ላይ የቆመ መስሎኝ ሮጬ ስደርስ ይሽከረከራል። ሐኪሙ ነርቩ እንደሞተና እንደማይመለስ በወረቀት ጻፈልኝ፤ ጽሑፉ እንደ ሐኪም ጽሑፍ ስለሆነ እትዬ ቁራጭ ናት ያነበበችልኝ። እሷም "ነገረችኝ" ስልሽ የነበረው ሁሉ ጽፋ የሰጠችኝን ነው። አሁን ግን እጇን ማንበብ እያስተማረችኝ ነው፤ ዘገምተኛ ተማሪ ነኝ፣ አስተማሪዋም ቁጡ ናት።

ለምን ደበቅኸኝ ትያለሽ። ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው። እዚህ መጥተሽ ምን ታደርጊያለሽ? ጆሮ አትጠግኚ። ባለ አዳራሹም አያውቅም። አፉን እንደ በር ከፍቶ ስለሚናገር ከንፈሩ ይነበባል፤ ጨለማ ውስጥ ካላወራኝ አይነቃብኝም።

የቆጨኝ የሰው ወሬ አይደለም፤ ግማሹ ባይሰማም የሚጎድል የለም። የቆጨኝ ሳቁ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ በዚያች በማሽን ክፍሉ ቀዳዳ አንገቴን አስግጌ የሰውን ሳቅ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ቁልቁል ስመለከት ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይንቀጠቀጣል፣ አዳራሹ ግን ጭር ብሏል። ልብስ ሰፊው መጥቶ "በምን እንደሚስቅ አላውቅም" ሲለኝ ለሱ ብቻ ብዬ የተነሣሁ መስሎሽ ከሆነ ግማሹ ለራሴ ነው።

አሁን ደስ የሚለውን ስሚ። መስመርሽን ጻፍኩት። አንዴ ተሳሳትኩ፣ ኮምፒዩተሩ ሰደበኝ፣ አስተካከልኩ። ኢንተር። ምንም አልሆነም። "ልጅሽ ስታሞኘኝ ነው" አልኳት እትዬ ቁራጭን፤ ሲከፋኝ የሷ ልጅ ትሆኛለሽ። ከዚያ ማውሱን ወደ ታች ሳወርደው ስክሪኑ በሙሉ ተንሸራቶ ግርጌውን ገለጠው! ልክ ካሜራ የያዘ ሰው ከተዋናዩ ፊት ወደ ጫማው ዝቅ እንደሚያደርገው ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ። እትዬ ቁራጭ እጄን መትታ አስቆመችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ወንዝ እየፈሰስን ነው። እሷ ቃሉ ሲጀምር ጉልበቴን አንዴ ትነካለች፣ ሲያበቃ ሁለቴ፤ እኔ እጽፋለሁ። ቃሉማ በልቤ አለ።

መጨረሻውን ታስታውሻለሽ? ሁለቱ ጎረቤታሞች በብሽሽቅ ግንቡን ሲያስረዝሙ፣ ሲያስረዝሙ ይውሉና እያንዳንዱ በሌላው ግቢ ውስጥ ቀርቶ ራሱን ያገኘዋል። ወፍራሙ ዞሮ ፊቱን ወደ ግንቡ፣ ጀርባውን ወደ እኛ አድርጎ ይቆማል፤ ከዚያ በለሆሳስ "ጎረቤት፣ ቤቴን አደራ" ይላል። የፊልሙ ትልቁ ሳቅ ይህ ነው። የሚነበብ ከንፈር የለም፣ የሚታይ ፊት የለም፣ ጀርባ ብቻ። ልብስ ሰፊው ይህን ፊልም አንድ ጊዜ አይቶት ነበር። "ሰውየው ቆመ፣ አዳራሹ ፈነዳ፤ እኔ ጀርባ ሳይ ቀረሁ" አለኝ። ያቺን መስመር ለመጨረሻ ቀን አስቀምጫታለሁ።

አትምጪ። ደህና ነኝ።

አባትሽ

መጋቢት 9

አባዬ፣

አትምጪ ያልከውን አንብቤዋለሁ።

ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ። በመጀመሪያው አለቀስኩ፣ በሁለተኛው ተቆጣሁ፣ በሦስተኛው መከርኩህ፤ አንተ ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም አትፈልግም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከእንግዲህ በደብዳቤ የምንጻጻፈው ስልክ ስለተበላሸ አይደለም። ደብዳቤ ሁለቴ ስለሚነበብ ነው።

ለሥራህ የምለው፣ ፊልሙን በትልቁ የአዳራሹ ስክሪን ላይ ቀደም ብለህ ሞክረው። በትንሹ ላይ የታየ ሁሉ በትልቁ ላይ ይታያል ማለት አይደለም።

ይህን የምጽፍልህ ከፋርማሲ ጥቂት ጥጥ ገዝቼ ስመለስ ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ አልታመምኩም።

ልጅህ

ሚያዝያ 2

ልጄ፣

እሑድ ማታ በአዳራሹ በር ላይ ልናወራ ስንል አንቺ በእጅ መነጋገር አታውቂም፣ እኔ ጆሮ የለኝም፤ ተቃቅፈን ቆመን ቀረን። በማግስቱም ጡሩምባ አስቸኩሎ ወሰደሽ። ስለዚህ ከላይ ሆኜ ያየሁትን ልጻፍልሽ፤ አንቺ ያላየሽው እሱን ነው።

ምክርሽን ሰምቼ፣ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝቼ ፊልሙን ዓርብ በትልቁ ላይ ሞክሬው ነበር። ፀዳ ያለ ነበር። ቅዳሜ ግን ባለ አዳራሹ ለአንድ ትምህርት ቤት ምርቃት አዳራሹን አከራይቶ፣ ከስክሪኑ ፊት የእንጨት መድረክ አሠርቶ፣ ሳያስፈርስ ተወው። እሑድ ሰው ሊገባ ሲል ፊልሙን አበራሁ። ምስሉ አለ፤ ጽሑፉ የለም። ጽሑፌ በሙሉ ከመድረኩ ጀርባ ገብቷል! የሁለት ወር ልፋት እንጨት ላይ ፈሰሰ። መድረኩ በሚስማር የተመታ ነው፤ አናጢው እሑድ የት ይገኛል?

ባለ አዳራሹ ወጥቶ አየው። "ይኸው! ንባባችሁ ከአልጋ ሥር ገባ። የፈለገ ተንበርክኮ ያንብብ!" አለ። ከንፈሩ ጥርት ብሎ ተነበበ። ከዚያ ወደ መጋዘን ነጋዴው ሊደውል ይመስለኛል ስልኩን እያወጣ ወረደ።

ቁጭ አልኩ። ከቀዳዳዋ ቁልቁል ሳይ ልብስ ሰፊው አዲስ ኮት ለብሶ መጀመሪያ ገብቶ የፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባዶውን የምስሉን ግርጌ እያየ ይጠብቃል። ያኔ ነው የመጣልኝ፤ ይህ እኮ ያው የመጀመሪያው ችግሬ ነው! አንድ ትልቅ መስኮት፣ አንድ አጭር ስክሪን፣ አንድ የጠፋ እግር። ፊልሙን ከሙሉ ስክሪን አወጣሁት። አልትን ያዝኩ። ሆዱን ያዝኩ። ገፋሁ። እትዬ ቁራጭ ከታች መተላለፊያው ላይ ቆማ በእጇ "ላይ፣ ላይ፣ ትንሽ ላይ፣ በቃ!" አለችኝ። ከላይ ጥቂት ሰማይና የአንድ ጣሪያ ጫፍ ተቆረጠ። ሰማዩን ማን ይፈልገዋል? ጽሑፉ ከመድረኩ በላይ ብቅ ብሎ ነጭ ሆኖ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው ዞሮ ወደ ቀዳዳዬ ሁለት እጁን አነሣ።

ከዚያ ሰው ገባ። የከተማው ገባ፣ ከየመንደሩ ገባ። ጡሩምባ አንድ አውቶቡስ ሙሉ አምጥቶ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጡሩምባ ሳይነፋ ቆመ። እትዬ ቁራጭ "ምነው ዛሬ?" ስትለው "ለማን ልንፋው?" አላት። ግማሹ ሞላ፣ ሌላው ግማሽ ሞላ፣ ባለ አዳራሹ ራሱ ከቢሮው ወንበር ተሸክሞ ሲገባ በዓይኔ አየሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጆሮዋን የምትነካካ ልጅ ነበረች። አመማት እንዴ እያልኩ ሳይ ነበር፤ አንቺ መሆንሽን ያወቅሁት መብራት ሲበራ ነው። ለምን እንደነካካሽው እስካሁን አልነገርሽኝም።

ዶሮዋ ስትገባ ሳቁ። ባለቤቷ ሲከተላት ሳቁ። እኔ ግን መጨረሻውን ነበር የምጠብቀው። ወፍራሙ ዞረ። ጀርባውን ሰጠን። መስመሯ ከሥሩ ወጣች፦ "ጎረቤት፣ ቤቴን አደራ።"

ልጄ፣ ትከሻዎቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ተነሡ። የመጀመሪያውም ረድፍ፣ የመጨረሻውም ረድፍ፣ የሚሰማውም የማይሰማውም፣ አንዱ አንዱን ሳይጠብቅ። ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ወለሉን በእግራቸው መምታት ጀመሩ፤ እነሱ የሚያጨበጭቡት እንዲያ ነው። ጠረጴዛዬ ተንቀጠቀጠ። ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት፤ ግድግዳው ይስቃል። ሳቁ በእጄ ገባ። ጆሮዎቼ ከሄዱ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ባለ አዳራሹ በጨለማው ደረጃውን ወጥቶ አጠገቤ ቆመና ብዙ ተናገረ። አፉ አልታየኝም። ደጋግሞ ተናገረ። ከዚያ እንደማልሰማ ገባው። ትንሽ ቆሞ አየኝ። እኔም ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ፤ ሊቀበለኝ ነው ብዬ። ቁልፉን መልሶ ኪሴ ከተተና እርሳሴን አንሥቶ በትኬት ጀርባ ላይ ጻፈ፦ "የሚቀጥለው ፊልም የትኛው ነው?"

አባትሽ

ሚያዝያ 8

አባዬ፣

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ለጡሩምባ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "ለማን ልንፋው" ያለው እንደተጻፈ ሲሰማ ደረቱን ነፋ፤ አሁን ለተሳፋሪ ሁሉ ያወራል።

ጥያቄህን ልመልስ። ጆሮዬ አላመመኝም። ጥጥ ነበር። ልክ አንተ በምታየው መንገድ ላየው ፈልጌ ነው። መብራቱ ሲጠፋና ዓለም ጭር ሲል መጀመሪያ ፈራሁ። ጥጡን ላወጣው ስነካካው ዶሮዋ ገባች፤ ጽሑፉ ወጣ፤ ከዚያ ረሳሁት። ወፍራሙ ዞሮ ሲቆም አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ፣ ከዚያ ቀን በፊት አይቻት የማላውቃት፣ ጭኔን በጥፊ መታችኝ፤ እኔም መታኋት። አንዲት ድምፅ ሳልሰማ አብሬ ሳቅኩ፤ የሳቅኩትም ሁሉም በሳቀበት ቅጽበት ነው። ጥጡን ያወጣሁት ውጭ በር ላይ ቆመህ ሳይህ ነው።

ሌላ ዜና ደግሞ አለ። ፕሮግራሙን ለሠሩት ሰዎች ጻፍኩላቸው። "አባቴ በትንሽ ስክሪን ላይ ይሠራል፤ መስኮታችሁ ረዝሞበታል" አልኳቸው፤ ያንተን ሥዕልም አያይዤ ላክሁ፣ ቆርቆሮዎቹ ሳይቀሩ። ትናንት መልስ መጣ። በሚቀጥለው እትም መስኮቱ እንደ ስክሪኑ ልክ እንዲያጥር አድርገዋል። ሥዕሉን ደግሞ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ከእንግዲህ አልት አያስፈልግህም፤ አንተ ግን እንደማትተወው አውቃለሁ።

አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄ ነበር። "ለምን?" አለኝ። "በየወሩ አንድ እሑድ አባቴ ፊልም ያሳያል" አልኩት። "ያልታደልኩ! የኔው አባት በየወሩ ገንዘብ ነው የሚጠይቀኝ፤ ሂጂ" አለ። በእጅ መነጋገሩንም ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን የማውቀው "ዶሮ" እና "እንደገና" ብቻ ነው። ሌላውን እትዬ ቁራጭ ያስተምሩኛል፤ ቁጣቸውን ችዬ።

የዚህን ወር መጨረሻ እሑድ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ሦስተኛው ረድፍ፣ ከመሃል ሁለተኛው።

አባዬ፣ ወንበሬን አደራ።

ልጅህ